የዶክተር ሄክተርን ታሪክ ሁለት ጊዜ አወራሁት

ሂዩስተን ውስጥ ነርስ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻችን አማርኛ በሚማሩበት አዳራሽ አግዛለሁ። ከትምህርቱ በኋላ ወላጆች ቡና እየጠጡ፣ ከመካከላችን አንዱ ስለ አንድ የቴክሳስ ሰው ግማሽ ሰዓት ያወራል። ተራዬ ሲደርስ ለሜክሲኮ አሜሪካውያን መብት የታገለውን ሐኪም፣ ዶክተር ሄክተር ጋርሲያን መረጥኩ። ሥራ ቦታ ያሉ ሜክሲኮ አሜሪካውያን ባልደረቦቼ ስሙን ሲያነሱት የሟች አጎታቸውን ያህል ነው።

የመጀመሪያው ቀን አልሆነልኝም። ሹመቱንና ሽልማቱን ደረደርኩት። በ1967 ፕሬዚዳንት ጆንሰን በተባበሩት መንግሥታት የአሜሪካ ልዑካን ውስጥ አስገባው፣ እዚያም በስፓኒሽ ንግግር አደረገ። በ1968 የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ኮሚሽን አባል ሆነ። በ1984 ሬገን የፕሬዚዳንቱን የነፃነት ሜዳይ ሸለመው። ሁሉም እውነት ነው። ግን ሰዉ ስኒውን እያየ ነበር።

ይባስ ብሎ የዘመን አቆጣጠሩ ጉድ ሠራኝ። «በ1948 የወታደሮች ማኅበር መሠረተ» ስል አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ በ48 እኮ እኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ። ጦርነቱ ካለቀ አሥር ዓመት ሆኖታል። ሰውዬው እስከዚያ ምን ይጠብቅ ነበር?» በኛ አቆጣጠር ነው የሰሙት። ማኅበሩ የተመሠረተው በፈረንጆቹ ማርች 26፣ 1948፣ በኛ መጋቢት 17 ቀን 1940 ነው። ከዚያ ወዲህ ማስታወሻዬ ላይ ሁለቱንም ጎን ለጎን እጽፋለሁ። እዚህ ያለው ግን ሁሉም የፈረንጆቹ ነው፣ እንዳታርሙኝ።

ማታ እቤት ገብቼ ለእማዬ ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ሽልማቱን ስጀምርላት አቋረጠችኝ። «እሱን ተወው። ምን ገጥሞት ነው?»

የፊሊክስ ሎንጎሪያን ነገር አነሳሁላት። ስሪ ሪቨርስ ከምትባል ትንሽ የቴክሳስ ከተማ የዘመተ ወታደር ነው። በ1945 ፊሊፒንስ ውስጥ ተገደለ። አስከሬኑ ወደ አገሩ ሊመለስ የሆነው በ1949 ነው። ሚስቱ ቤያትሪስ የከተማውን ቀብር አስፈጻሚ ዘንድ ሄዳ፣ አስከሬኑ ጸሎት ቤቱ ውስጥ እንዲያርፍና ሰው እንዲሰናበተው ጠየቀች። ሰውዬው ነጮቹ ደስ አይላቸውም ብሎ እምቢ አለ።

እማዬ ቢላዋውን አስቀመጠች። «ታዲያ ሬሳው የት ሊያድር ነው?»

ሁለተኛውን ንግግር የሠራችልኝ ይቺ ጥያቄ ናት። እድር የሚከፍል፣ ለልቅሶ ድንኳን ሲተከል እያየ ያደገ ሰው ይሄን ለመረዳት አስተርጓሚ አይፈልግም። እኔ ደግሞ ነገሩን ከመሃል ቀብሬ በሜዳይ ነበር የጀመርኩት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አምስት ደቂቃ ለምኜ ከሬሳ ሳጥኑ ተነሳሁ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ሐኪሙን ያስገባሁት ከዚያ በኋላ ነው። ዶክተር ሄክተር ነገሩን ሲሰማ መጀመሪያ ያደረገው ቀብር አስፈጻሚው ጋ ደውሎ መጠየቅ ነው። ሰውዬው ያንኑ ደገመለት። ከዚያ ስብሰባ ጠራ፣ ለባለሥልጣናት ቴሌግራም ላከ። በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ሊንደን ጆንሰን ያኔ ሴናተር ከሆነ ገና ሳምንት ቢሆነው ነው። በግል ቀብር ቤት ላይ ሥልጣን የለኝም፣ ግን አርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር በወታደራዊ ክብር እንዲያርፍ አደርጋለሁ ብሎ መለሰ። ሎንጎሪያ ፌብሩዋሪ 16፣ 1949 እዚያ ተቀበረ።

እዚህ ላይ ሌላ ስህተት ልሠራ ስል ተረፍኩ። ረቂቄን ሳነበው ጆንሰን ጀግናው ሆኖ ተገኘ። ሴናተር መልስ የሚሰጠው የሚጮህ ሰው ሲኖር ነው። የሚጮኸው ማኅበር ደግሞ የተወለደው ከአንድ ክሊኒክ ነው። ስለዚህ ወደ ኋላ ተመለስኩ።

ሄክተር ስደተኛ ነው። በ1914 ታማውሊፓስ፣ ሜክሲኮ ተወለደ። ቤተሰቡ የሜክሲኮን አብዮት ሸሽቶ መርሴዴስ፣ ቴክሳስ ገባ። አባቱ አስተማሪ ነበር፣ እዚህ ግን ባለሱቅ ሆነ። (ይሄን ስል ብዙ ራስ ተነቀነቀ። ከኛም መሐል በዲግሪ መጥቶ ታክሲ የነዳው ስንቱ ነው።) ከልጆቹ ስድስቱ ሐኪም ሆኑ። ሄክተር በ1940 ጋልቬስተን ከሚገኘው ሕክምና ትምህርት ቤት ተመረቀ። ለሬዚደንሲ (ሐኪም ከተመረቀ በኋላ ሆስፒታል ውስጥ ለሚወስደው ሥልጠና) የሚቀበለው የቴክሳስ ሆስፒታል ስላጣ ኦማሃ፣ ነብራስካ ድረስ ሄደ። ከዚያ ጦርነት። ሰሜን አፍሪካ፣ ጣሊያን። ብሮንዝ ስታር ሜዳይና ጣሊያናዊት ሚስት፣ ዋንዳን፣ ይዞ ተመለሰ።

በ1946 ኮርፐስ ክሪስቲ ላይ ከሐኪም ወንድሙ ጋር ክሊኒክ ከፈተ። መክፈል የማይችል ሰው ሳይታከም አይመለስም ነበር። በሽተኞቹ ብዙዎቹ ከጦር ሜዳ የተመለሱ ናቸው። ለትምህርት የተፈቀደላቸው ገንዘብ ይዘገያል፣ ሆስፒታል አልጋ ይከለከላሉ። የትም ቦታ ያለ ነርስ ይሄን ያውቀዋል፦ መድኃኒቱን ታዝዛለህ፣ ሰውዬው ግን የታመመው በወረቀት ነው። ሄክተር ደብዳቤ መጻፍ ብቻውን እንደማይበቃ ገባውና በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሰው ሰበሰበ። የመጣው በመቶዎች ነበር። የአሜሪካ ጂ አይ ፎረም ያኔ ተቋቋመ። ጂ አይ ማለት ያው ተራ ወታደር ማለት ነው።

የቆረጥኩትም አለ። የ1954ቱ የሄርናንዴዝ ክስ፤ ጃክሰን በሚባል የቴክሳስ አውራጃ 25 ዓመት ሙሉ አንድም የሜክሲኮ ዝርያ ያለው ሰው ጁሪ (ፍርድ ቤት ተቀምጠው ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚሉ ተራ ዜጎች) ላይ አልተቀመጠም፣ ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ የቴክሳስ መንግሥት ተረታ። ጁሪ ምን እንደሆነ ማስረዳት ብቻ ሰዓቴን ይበላው ነበር። አሁንም ይቆጨኛል።

ስጨርስ የአሥር ዓመት ልጅ እጇን አወጣች። «ከስድስቱ ሐኪሞች ሴት አለች?»

አለች። ክሊዮቲልዴ። ዶክተር ክሊዮ ይሏታል። እዚያው ኮርፐስ ክሪስቲ በሺህ የሚቆጠሩ ሕፃናት አዋልዳለች።

«እና ለምን ስለሷ አላወራህም?»

ከኋላ ተቀምጣ የነበረችው እማዬ ሳቀች። ለሚቀጥለው ወር ተራ ያዝኩ።