ኳስ ማቀበል የምታውቅ አሰልጣኝ

አሜሪካዊቷ የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ዶን ስቴሊ ቁመቷ 1 ሜትር ከ68 ነው። ቁመቷን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። እዚህ ጎንደር ሴት ልጆችን ቅርጫት ኳስ አሠለጥናለሁ። አዲስ የመጣች ልጅ ሁሉ ገና ኳሱን ሳትነካ «ቲቸር፣ እኔ እኮ አጭር ነኝ» ትለኛለች። ያኔ ስለ ዶን አወራላታለሁ።

ያደገችው ፊላደልፊያ፣ አቅም ለሌላቸው ቤተሰቦች በተሠራ የመንግሥት ቤት ነው። ከአምስት ልጆች የመጨረሻዋ ናት። እናቷ የሰው ቤት እያጸዱ አሳደጓት። ጨዋታውን የተማረችው ከሰፈር ወንዶች ጋር እየተጋፋች ነው።

ቦታዋ ፖይንት ጋርድ ነበር። ኳሱን ይዛ የምትወጣው፣ ማን የት እንደቆመ የምታየው፣ ለሌላዋ የምታቀብለው እሷ ናት። ጭብጨባው ሁልጊዜ ለምታስቆጥረዋ ነው። የእኔ ዓይን ግን አቀባይዋ ላይ ይቀራል። ከአዘዞ በታክሲ እየተመላለሰች የምትሠለጥን አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ አለችኝ። ባለፈው ልምምድ ሁለት ልጆች ከበቧት። ቅርጫቱ ሥር የቆመችውን ጓደኛዋን ዞራ እንኳ አላየችም። ኳሱን አንዴ መሬት አስነክታ በመሃላቸው ሰደደችላት። ጓደኛዋ ሳተች። ልጅቷ ፊቷን አላጠቆረችም። ወደ መከላከል እየሮጠች «አይዞሽ፣ እጅሽን ብቻ አዘጋጂ፣ ደግሜ እሰጥሻለሁ» አለቻት። እኔ አፌ ላይ የነበረውን ቃል ነው የቀደመችኝ።

ዶንም እንዲህ ዓይነት ተጫዋች ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1991 ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲን ለኮሌጆች የፍጻሜ ጨዋታ አደረሰችው። በጭማሪ ሰዓት በቴነሲ 70 ለ67 ተሸነፉ። ቡድኗ ተሸንፎም የውድድሩ ኮከብ ተብላ የተመረጠችው እሷ ናት። የኮሌጅ ዋንጫ ግን በተጫዋችነት ሳታነሳ ቀረች። በኦሊምፒክ ሦስት ወርቅ አገኘች፦ አትላንታ 1996፣ ሲድኒ 2000፣ አቴንስ 2004። አትላንታ ሲባል እኛ ትዝ የምትለን ፋጡማ ሮባ፣ ሲድኒ ሲባል ደራርቱ ናት። በእነዚያው ኦሊምፒኮች ይህቺም ልጅ ነበረች። አቴንስ ላይ በመክፈቻው የአገሯን ባንዲራ ይዛ የገባችው እሷ ነበረች።

አሰልጣኝነቷ ላይ ልቤን የሚነካው አጀማመሩ ነው። በ2000 ያደገችበት የፊላደልፊያ ከተማው ቴምፕል ዩኒቨርሲቲ ቡድኑን ሰጣት። ገና ተጫዋች ነበረች፤ መጫወት ያቆመችው በ2006 ነው። በእኛ ክረምት በፕሮፌሽናል ሊግ ትጫወታለች፣ በእኛ በጋ ተማሪዎቿን ታሠለጥናለች። «መጀመሪያ መጫወት ጨርሺ» ያላት የለም። እኛ ጋ ልጅቷ 12ኛ ክፍል ስትጨርስ ኳሱም አብሮ ያልቃል። ዩኒቨርሲቲ ወይ ሥራ ትሄዳለች፣ ወይ ታገባለች። ያ ሁሉ የምታውቀው ነገር ከእሷ ጋር ይቀራል። ይህ በጣም ያንገበግበኛል።

በ2008 ወደ ሳውዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ሄደች። በመጀመሪያው ዓመት 10 አሸንፋ 18 ተሸነፈች። እኛ አገር ቢሆን ሁለተኛ ዓመት የሚሰጣት እንጃ። እነሱ ታገሷት። በ2014 ኤጃ ዊልሰን የምትባል የአካባቢው ልጅ ቡድኑን ተቀላቀለች። በ2017 ሚሲሲፒ ስቴት ዩኒቨርሲቲን 67 ለ55 አሸንፈው የኮሌጆቹን ዋንጫ ወሰዱ። ከዚያ 2022። ከዚያ 2024፣ ያውም 38 ጨዋታ አንድም ሳይሸነፉ። በመሃል፣ በ2021 ቶኪዮ ላይ፣ ብሔራዊ ቡድኑን እየመራች ሌላ የኦሊምፒክ ወርቅ ጨመረች።

ስለ መረቡ ሳልናገር አላልፍም። እዚያ ዋንጫ የበላ ቡድን መሰላል ላይ ወጥቶ የቅርጫቱን መረብ በመቀስ ይቆርጣል። በ1999 ፐርዱ ዩኒቨርሲቲን ለዋንጫ ያበቃችው አሰልጣኝ ካሮሊን ፔክ ከራሷ መረብ ቁራጭ ለዶን ሰጥታት ነበር፤ አንቺም አንድ ቀን ታሸንፊያለሽ ለማለት። ዶን ስታሸንፍ የ2017ቱን መረብ ቆራርጣ እንደ እሷ ጥቁር ለሆኑ ሴት አሰልጣኞች ላከችላቸው። ከሜዳ ወጥታም ማቀበሏን አልተወችም።

እኔም ከዚህ ወር ጀምሮ ትንንሾቹን የሚያሟሙቁት የ12ኛ ክፍል ልጆቼ ናቸው። ፊሽካ አስይዣቸዋለሁ። የመጀመሪያ ቀን ድምፃቸው አልወጣም ነበር፤ አሁን ከእኔ በላይ ይጮሃሉ። ድሮ ተጫውተሽ ያቆምሽ፣ ጎንደር ያለሽ ልጅ ካለሽ፣ ቅዳሜ ጠዋት ብቅ በይ። ቁመትሽን አልጠይቅሽም። የሚሠለጥኑ ልጆች ብዙ ናቸው፣ አሰልጣኝ ነው ያጠረን።