ከደጄ ተቀርጾ 20 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚሠራ ፊልም

ባለፈው ጥር፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ለገጣፎ ከሚገኘው ቤቴ ፊት ለፊት ባለው ቪላ አንድ የተከታታይ ድራማ ቡድን ለ4 ቀናት ቀረጻ አካሄደ። ቪላው በድራማው ውስጥ የቦሌ ባለሀብት መኖሪያ ሆኖ ይታያል። ይህ ለሰፈራችን አዲስ ነገር አይደለም፤ ከአያት ወዲያ ያሉት ግቢዎች ሰፋ ስለሚሉ፣ የመኪና ጩኸት ስለሚቀንስና ኪራያቸውም ከመሀል ከተማው ስለሚቀል፣ ደራሲው የሀብታም ቤት በጻፈ ቁጥር ደላላው የሚደውለው ወደ እኛ ነው። እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነው። በፊልም ኤዲቲንግ የምተዳደር ሰው በመሆኔ ይኸው ሥራ በአጋጣሚ ለእኔ ደረሰኝ፤ በመስኮቴ ቆሜ ሲቀረጽ ያየሁትን ትዕይንት ለማቀናበር በየማለዳው ሁለት ሚኒባስ እየቀያየርኩ ወደ መሀል አዲስ አበባ መመላለስ ጀመርኩ።

በእነዚያ 4 ቀናት ገንዘቡ በሰፈሩ ውስጥ እንዴት እንደተዘዋወረ በዓይኔ ተከታትያለሁ። የቪላው ባለቤት ኪራያቸውን ተቀበሉ። ጎረቤታችን የሆኑ እናት፣ ማክሰኞና ሐሙስ የፍስክ፣ ረቡዕና ዓርብ የጾም እያዘጋጁ፣ ለ20 ያህል ሰው ምሳና ቡና አቀረቡ፤ ሽንኩርቱና በርበሬው ከሰፈሩ ጉሊት፣ ከሰሉም ከማዶ ቤት ተገዛ። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር ያከራየው የብየዳ ቤቱ ባለቤት ነው። ሁለት ልጆች ደግሞ ውሾችን ዝም እንዲያሰኙ በቀን ሒሳብ ተቀጠሩ። በዚህ የሚስቅ ሰው፣ አንድ ውሻ የትዕይንቱን ድምፅ ባበላሸ ቁጥር ቡድኑ በሙሉ የቀን አበሉን እየቆጠረ ቆሞ እንደሚጠብቅ አያውቅም።

በ5ኛው ቀን ግን ሁሉም ነገር ቆመ። በካርድ የተቀረጸው ወደ ሃርድ ዲስክ ተገልብጦ ከቡድኑ ጋር ሄደ፤ ለወራት የሚዘልቀውና የተሻለ የሚከፈልበት ሥራ፣ ማለትም ኤዲቲንጉ፣ የድምፅ ጽዳቱ፣ የምስሉ ቀለም ማስተካከያና ማጀቢያ ሙዚቃው፣ አብሮት ሄደ። የከተማ ዳር ነዋሪዎች ለፊልም የምንሸጠው ግድግዳችንን ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ስለ ፊልምና ስለ አካባቢ ልማት ሲነሳ ብዙ ሰው የሚጠቅሰው በሞሮኮ በረሃ ጥግ ያለችውን ዋርዛዛትን ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 አትላስ ስቱዲዮ የተቋቋመው በዚያ ሲሆን፣ አናጺው፣ ልብስ ሰፊውና አጃቢ ተዋናዩ በውጭ አገር ፊልሞች ሲተዳደሩ ኖረዋል። ሆኖም ያ መንገድ የውጭ ኩባንያ መጥቶ እንዲቀርጽ የሚጠብቅ በመሆኑ፣ በእኔ ግምት ለእኛ የምትቀርበው በናይጄሪያ ዴልታ ግዛት ያለችው አሳባ ናት። አሳባ ከሌጎስ ርቃ ሳለ፣ ርካሽ ኪራይንና የነዋሪውን ግቢ መሠረት አድርጋ፣ በአነስተኛ በጀት የሚሠሩ ፊልሞች መናኸሪያ ለመሆን በቅታለች። የናይጄሪያ ፊልም ራሱ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ያደገው በሲኒማ ቤት ሳይሆን በቪዲዮ ካሴት ነበር፤ የእኛም ድራማ ዛሬ በአብዛኛው ተመልካቹን የሚያገኘው በቴሌቪዥንና በዩቲዩብ ነው።

ዲጂታል አሠራር ርቀትን ከሥራው ላይ አንሥቶታል። ፊልም በኬሚካል በሚታጠብበት ዘመን ኤዲተሩ ከላብራቶሪው መራቅ አይችልም ነበር። አሁን ግን ከባዱ ፋይል በዋናው ሃርድ ዲስክ ላይ ተቀምጦ፣ ፕሮክሲ የሚባለው ቀላል ቅጂው በኢንተርኔት ይላክልኛል፤ እኔ በቅጂው ላይ የቆረጥኩትና የቀጠልኩት ሁሉ በመጨረሻ ከዋናው ፋይል ጋር ይገናኛል። ለዚህ የሚያስፈልገው ደህና ላፕቶፕ፣ የማይቆራረጥ ኢንተርኔትና መብራት ሲጠፋ ሥራ አስቀምጦ ለመዝጋት ጊዜ የሚሰጥ ዩፒኤስ ነው። ለድምፅ ሥራ ደግሞ ግድግዳው በብርድ ልብስ የተሸፈነ ጠባብ ክፍል ለመጀመሪያ ይበቃል። ከሁሉ የሚጎድለን የድምፅ ባለሙያ ስለሆነ፣ ሥልጠና የሚሰጥ አካል ቢኖር ከካሜራ በፊት ከድምፅ ቢጀምር እመርጣለሁ።

የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2010 ዓ.ም. የፊልም ፖሊሲ አጽድቋል፤ በቀረጻ ቦታ ላይ ግን ቡድኑን የሚያስጨንቀው የድጋፍ ደብዳቤ ነው። አያት የአዲስ አበባ ሲሆን፣ ለገጣፎ በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው ሸገር ከተማ ሥር ይተዳደራል፤ ስለዚህ ተዋናዩ ከአያት ተነሥቶ ለገጣፎ መንገድ ላይ ሲወርድ የሚያሳይ የ1 ደቂቃ ትዕይንት የሁለት አስተዳደሮችን ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። እኔ ራሴ ባገዝኩት አንድ ሥራ፣ ደብዳቤው ከአንድ ጽሕፈት ቤት እስኪወጣ ስንመላለስ ጊዜው አልፎ መንገዱን ትተን ግቢ ውስጥ ቀርጸናል። የታወቀ ክፍያና የታወቀ ቀን ያለው አንድ መስኮት ቢኖር፣ ከማንኛውም ትልቅ ስቱዲዮ ይልቅ ብዙ ቡድን ወደዚህ ይስብ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ አዘጋጁን አስፈቅጄ የድራማውን 2 ክፍሎች ቤቴ ሆኜ ለማቀናበር ተስማማን። ውሾቹን ሲጠብቁ ከነበሩት ልጆች አንዱ፣ በቀረጻው የመጨረሻ ቀን ማይክ እንዲይዝ ተደርጎ ስለነበር፣ አሁን ከሰዓት በኋላ እየመጣ ድምፅ ከምስል ጋር ማገናኘት ይለማመዳል። የመጀመሪያውን ክፍል ባለፈው ሰኞ አስረክበናል፤ ሁለተኛው በመብራት ምክንያት 3 ቀን ዘግይቷል።