የአቡሽ ደረሰኞች

ሥራዬ ሂሳብ ነው። ደረሰኝ አልጥልም። ባለቤቴ «አንቺ ለሱሉልታ ንፋስም ደረሰኝ ትጠይቂያለሽ» እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ። ባለፈው ዓመት ጳጉሜ ላይ ያ ልማድ ጠቅሞኛል።

ቤቱ ለእንቁጣጣሽ እየተጸዳ ነበር። ቁምሳጥን ውስጥ ያለውን የፕላስቲክ ፋይል አወጣሁና ምንጣፉ ላይ ዘረገፍኩት። የትልቁ ልጄ የአቡሽ የሕክምና ወረቀት ሁሉ እዚያ ነው፤ የካርዱ፣ የላብራቶሪው፣ የፋርማሲው። ያኔ ሦስት ዓመት ከአራት ወሩ ነው። በየቀናቸው ደረደርኳቸው።

በአንድ ዓመት ውስጥ 9 ጊዜ ክሊኒክ ሄደናል። ከ9ኙ በ8ቱ አንቲባዮቲክ ታዞለታል። አብዛኛው ሽሮፕ ነው፤ ሁለቴ ግን ለተከታታይ ቀናት መርፌ ተወግቷል። አራቱ ወረቀቶች ላይ የበሽታው ስም «ታይፎይድ» ይላል።

አራት ጊዜ ታይፎይድ። በአንድ ዓመት። ውሃ አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ የማጠጣው ልጅ።

ቢሮ ውስጥ አንድ አቅራቢ ለአንድ ዕቃ አራት ጊዜ ደረሰኝ ቢያመጣብኝ ቁጭ አድርጌ ነው የምጠይቀው። ለልጄ ሲሆን ግን አንድም ቀን «ለምን?» ሳልል ከፍያለሁ። መጀመሪያ የተናደድኩት በራሴ ነው።

የክሊኒኩን ስም አልጠራም። ጀሞ ከሚገኘው ኮንዶሚኒየማችን በእግር አምስት ደቂቃ ነው። ሰዎቹም ክፉ አይደሉም። ነገሩ ሁሌ በአንድ መስመር ይሄዳል። ልጁን ማታ ያተኩሰዋል፣ ጠዋት እንወስደዋለን። ገና ወንበሩ ላይ ሳንደላደል «ደም ይስጥ» ይባላል። እሱ ይጮኻል፣ እኔ አብሬው አለቅሳለሁ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዋይዳል የሚባለው የታይፎይድ የደም ምርመራ ወረቀት ይመጣል፦ ኦ 1 ለ 80፣ ኤች 1 ለ 160። «ታይፎይድ አለበት። ታይፈስም ትንሽ ይታያል።» ይቺ «ትንሽ ይታያል» የምትባል ነገር! ከዚያ ፋርማሲ። በሦስተኛው ቀን ልጁ ተነስቶ ይሯሯጣል። እኛም «ጎበዞች ናቸው» እንላለን።

ደግሞ እኛ ወላጆችም አለንበት። አንድ ጊዜ አንድ ወጣት ሐኪም «ጉንፋን ነው፤ ፈሳሽ ስጪው፣ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይበቃዋል» ብሎ ሸኘኝ። «ካርድ ከፍዬ፣ ሥራ ቀርቼ፣ ፓራሲታሞል ብቻ?» ብዬ የተነጫነጭኩት እኔ ነኝ። አንቲባዮቲክ የሌለባት ዘጠነኛዋ ደረሰኝ የእሱ ነች። ከዚያ ወዲህ እዚያ ክሊኒክ አላየሁትም።

ከበዓሉ በኋላ የሥራ ባልደረባዬ የጠቆመችኝ የሕፃናት ስፔሻሊስት ጋ ሄድኩ። አቡሽ ደህና ስለነበር ቤት ትቼው ፋይሉን ብቻ ይዤ። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ «ታማሚው የታለ?» አለችኝ። ፋይሉን ብድግ አድርጌ አሳየኋት። እንደ እብድ ሳታየኝ አልቀረችም።

ዶክተሯ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት ናቸው። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አገላበጡ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ «ደም የሰጠው ትኩሳቱ በጀመረው በስንተኛው ቀን ነው?»

«በነጋታው፤ ቢበዛ በሁለተኛው ቀን።»

«እንግዲያው ይሄ ወረቀት ስለዚያ ትኩሳት ምንም አይነግረንም» አሉ።

ዋይዳል ጀርሙን ራሱን አይፈልግም። የሚፈልገው ሰውነት ጀርሙን ለመከላከል የሚሠራውን አንቲቦዲ ነው። ያ ደግሞ ሰው ከታመመ በኋላ ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። በሁለተኛው ቀን ከተገኘ የድሮ ሊሆን ይችላል፤ የሌላ ዘመድ ጀርም ሊሆን ይችላል፤ ታይፎይድ በሚበዛበት እንደኛ ባለ አገር ደግሞ ጤነኛ ሰው ላይም ይገኛል። ምርመራው የወጣው በፈረንጆቹ 1896 ነው። ልክ በዓድዋ ዓመት! ትክክለኛው መንገድ የደም ካልቸር ነው፤ ጀርሙን ከደሙ ውስጥ አሳድጎ ማየት። እሱ ግን ቀናት ይፈጃል፣ ይወደዳል፣ በየሰፈሩ ክሊኒክም አይገኝም። ዋይዳል ርካሽና ፈጣን ስለሆነ ነው እስካሁን ከኛ ጋ የቆየው።

«ታዲያ በሦስተኛው ቀን ለምን ይሻለዋል?»

«ቫይረስ ነዋ። መድኃኒት ወሰደም አልወሰደም በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ብዙውን ጊዜ ትኩሳቱ ይለቀዋል። ምስጋናውን ግን ሽሮፑ ይወስዳል።»

ባለቤቴ አላመነም። እሱ ጋራዥ ነው የሚሠራው፤ የሰው ወሬ ሰምቶ ሞተር አይፈታም። ቅዳሜ ጠዋት ብድግ ብሎ፣ ምንም ሳያመው፣ ማታ ክትፎ በልቶ ያደረ ሰውዬ፣ «ትንሽ ድካም ይሰማኛል» ብሎ ያው ክሊኒክ ገባና ደም ሰጠ። 1 ለ 160። ታይፎይድ። ሲፕሮ የሚባለው አንቲባዮቲክ ታዘዘለት። ወረቀቱን እየሳቀ ይዞልኝ መጣ። አሁን ፋይሉ ውስጥ ነው፤ ከአቡሽ ወረቀቶች ጀርባ።

አንድ ነገር ሳልዘነጋ ልናገር። ዶክተሯ «ታይፎይድ የለም አላልኩም» ብለው ሁለት ጊዜ አስጠንቅቀውኛል። እውነተኛው ታይፎይድ አንጀት ይበሳል፣ ይገድላል። በየጉንፋኑ አንቲባዮቲክ ሲሰጥ ጀርሞቹ መድኃኒቱን ይለምዱትና እውነተኛው የመጣ ቀን የሚያድን ይጠፋል። ያስደነገጠኝ ይሄኛው ነው።

ከዚያ ወዲህ ሐኪም ፊት ስቀመጥ ዋና ጥያቄዬ አንድ ነው። «ሁለት ቀን ብንጠብቅስ ምን ይመጣል?» ቀጥዬ ደግሞ «ምን ምልክት ካየሁ ነው ሳልጠብቅ የምመጣው?» እላለሁ። አንዱ «ሐኪሙ አንቺ ነሽ ወይስ እኔ?» ብሎኛል። አብዛኞቹ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ ይላቸዋል። አንዷ ሐኪም እስክሪብቶዋን አስቀምጣ «ሰው አንቲባዮቲክ ካልጻፍሽ እያለ ነው የሚጨቀጭቀኝ፤ አንቺ ነሽ የተገላቢጦሽ የመጣሽብኝ» ብላኝ ስቀናል።

ሽሮፕ የሚባለውንም ቀነስኩ። በ2022 በፈረንጆቹ ጋምቢያ ውስጥ ከ60 በላይ ሕፃናት ኩላሊታቸው ተጎድቶ ሲሞቱ ከተበከለ የሳልና የጉንፋን ሽሮፕ ጋር ተያይዞ የዓለም ጤና ድርጅት ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። ያኔ ዜናውን ሰምቼ «ምስኪኖች» ብዬ አልፌያለሁ። በዚያው ሳምንት ለአቡሽ የሳል ሽሮፕ መግዛቴን ያወቅሁት ደረሰኞቹን ስደረድር ነው። አሁን ለሳሉ ማር በሞቀ ውሃ ነው። ለአቡሽ ማለቴ ነው፤ ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር አይሰጥም።

እንግዲህ የእማዬ ተራ መጣ።

እማዬ ከኛ ጋር ነው የምትኖረው። ክሊኒኩን መጠየቅ መጀመሬን ስትሰማ ፊቷ በራ። «አላልኩሽም? ፈረንጅ መድኃኒት ደም ያቀጥናል!» በሳምንቱ ሚሚን፣ ስድስት ወር የሆናትን ትንሿን፣ ታቅፋ «ይቺ ልጅ እንጥሏ ወርዷል፤ አንዲት የሚያወጡ ሴትዮ አሉ» አለችኝ።

ያኔ ነው የገባኝ። ሐኪሙን የጠየቅሁትን ጥያቄ እናቴንም ካልጠየቅሁ ምኑን ጠየቅሁት? «ባይቆረጥስ ምን ይመጣል እማዬ?» አልኳት። «ይታነቃላ!» አለች። «ሲቆረጥስ ደም ቢፈስ? ምላጩስ ከማን አፍ ነው የሚመጣው?» ዝም። ትንሽ ቆይታ «አንቺም ተቆርጠሻል፤ ምን ሆንሽ?» አለች። ይሄ ክርክር ያሸንፋል ብላ ነው የምታስበው። «የሆኑትማ መጥተው አይናገሩም» አልኳት። በ1996ቱ የወንጀል ሕግም በስሙ ተጠቅሷል ብዬ ጨመርኩ። «ልታሳስሪኝ ነው?» ብላ ሁለት ቀን ኮረፈችኝ። የሚሚ እንጥል ግን አለ።

ግንቦት ላይ ደግሞ ሜሪላንድ ያለችው እህቴ። ሚሚ 15 ወሯ ነው፤ የሁለተኛው ዙር ኩፍኝ ክትባት ደርሷል። እህቴ በቴሌግራም የዘጠኝ ደቂቃ ድምፅ ላከችልኝ። እዚያ ያሉ ጓደኞቿ ክትባቱ ኦቲዝም ያመጣል ብለው ማስከተብ ትተዋል። «አንቺ መጠየቅ ትወጃለሽ፤ ይሄንንም ጠይቂ» ትላለች።

ጠየቅኩ። ወሬው ትልቁን ጉልበት ያገኘው በፈረንጆቹ 1998 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ከወጣ አንድ ጽሑፍ ነው። በ12 ልጆች ላይ የተሠራ። መጽሔቱ በ2010 ጽሑፉን ሰረዘው፤ ዋናው ጸሐፊ የነበረው ሐኪም በዚያው ዓመት እንግሊዝ ውስጥ የሐኪምነት ምዝገባውን ተነጠቀ። ዴንማርኮች ደግሞ ከ650 ሺህ በላይ ልጆችን ለዓመታት ተከታትለው፣ በ2019 ባወጡት ጥናት በተከተቡትና ባልተከተቡት መካከል የኦቲዝም ልዩነት አላገኙም። 12 እና 650 ሺህ። እኔ ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ለእህቴ ይሄንኑ ጻፍኩላት። «እሺ ዶክተር» ብላ ከሳቅ ፊት ጋር መለሰችልኝ። አኩርፋለች መሰለኝ።

የገረመችኝ እማዬ ነች። ድምፁን አብራ ሰምታ ነበር። «ኩፍኝን እናንተ አታውቁትም» አለች። ታናሽ ወንድሟ በኩፍኝ ነው የሞተው፤ ስሙን ከጠራች ብዙ ዓመቷ ነው። በነጋታው ጠዋት ነጠላዋን ለብሳ፣ ሚሚን አዝላ፣ እኔን ሳትጠብቅ ጤና ጣቢያ ወስዳ አስከተበቻት።

እስከዚህ ድረስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይሄንን የምጽፈው ደረቴን ነፍቼ ነበር። ሰኔ መጣ።

ሚሚ ማሳል ጀመረች። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። እኔ «ቫይረስ ነው፣ ይለቃታል» እያልኩ ነው። በአሥር ወር ውስጥ ቤታችን አንድም አንቲባዮቲክ አልገባም፤ እሱን ሪከርድ ማበላሸት አልፈለግሁም መሰለኝ። ይሄን ስጽፍ አፍራለሁ። በአራተኛው ማታ እማዬ «ምች መትቷታል፤ አተነፋፈሷ ደስ አላለኝም» አለች። «እማዬ፣ ተይ እስቲ» አልኳት። እሷ ግን የልጅቷን ሹራብ ብድግ አድርጋ «ነይ እይ» አለችኝ።

ዶክተሯ መስከረም ላይ መቁጠር አስተምረውኝ ነበር። ልጅ ሲረጋጋ ወይ ሲተኛ ሆዱን ገልጦ፣ ሰዓት ይዞ፣ ሙሉ አንድ ደቂቃ። ከ2 ወር እስከ ዓመት ላለ ልጅ በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጣን ነው። ከዓመት እስከ 5 ዓመት ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ። ደረቱ ከጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ መጠጣት ወይ መጥባት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰው፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወይ ከፈዘዘ መቁጠርም አያስፈልግም፤ መሮጥ ነው።

ቆጠርኩ። 54። ተሳስቼ ነው ብዬ ደገምኩ። 52።

በዝናብ ራይድ ጠርተን ሄድን። ተረኛው ሐኪም ደረቷን አዳመጠና «የሳንባ ምች ነው» አለ። እማዬ ከኋላዬ «ምች ነው አላልኩም?» አለች፤ ሐኪሙ ራሱ ሳቀ። ውሃ ውስጥ የሚሟሟ አሞክሳሲሊን የሚባል አንቲባዮቲክ አዘዘልን፤ ጠዋትና ማታ፣ ለአምስት ቀን። እኔ ከልማዴ «ብንጠብቅስ...» ብዬ ጀመርኩ። «ይቺን አንጠብቃትም፣ እናት» አለኝ። እውነት ነው፤ ጥያቄው መልስ ነበረው፤ መልሱ ደግሞ «አይ» ነበር። ስልኬ ላይ አላርም ሞልቼ አንዷንም ሳላሳልፍ ሰጠኋት። በሦስተኛው ቀን ሽሮ ፈለገች። አምስቱንም ቀን ጨረስን።

ደረሰኙን ፋይሉ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ «4 ቀን ጠብቄያለሁ» ብዬ ጽፌበታለሁ።

እማዬም መቁጠር ተምራለች። ሳሎን ያለው የግድግዳ ሰዓት ቀጭኑ ቆጣሪ ሲዞር እያየች ነው የምትቆጥረው። ባለፈው ማክሰኞ ቢሮ ሆኜ ደወለችልኝ።

«ሚሚ ትንሽ ትስላለች። ተኝታ ቆጠርኳት፤ 31 ነው።»

«ጎበዝ እማዬ! ትጠጣለች?»

«ትጠጣለች። ዳማከሴም ከጎረቤት አምጥቻለሁ።»

«ለማሸት ብቻ ነው አይደል?»

ዝም አለች። ከዚያ «ቡናዬ ገነፈለ» ብላ ስልኩን ዘጋችው።