«ጥቂት ይጠብቁ»

ከትናንት ጀምሮ ጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ሳክስፎን ተከራይቶ ተቀምጧል። ከሰዓት በኋላ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ደውዬ ነበር፤ ያነሣችው ሴት «ጥቂት ይጠብቁ» ብላ መስመሩን ለሙዚቃ አስረከበችውና እኔም ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መካከል አጣብቄ፣ ሽንኩርት እየላጥኩ ሃያ ደቂቃ ያህል ጠበቅሁ። ዜማው ለስላሳ የሚሉት የጃዝ ዓይነት ነው፤ ሦስት ጊዜ ከፍ ይልና በአራተኛው ሊያርፍ ሲል ተመልሶ ከመነሻው ይጀምራል።

ግጥም ያለው ዘፈን ቢሆን ኖሮ መላ አላጣለትም ነበር። ስንኙን እስከ መጨረሻው አንጎራጉሬ፣ ሰሙን ከወርቁ ለይቼ እገላገለዋለሁ። ትዝታን እንኳ በክራር ብቻ ቢመቱት ሰሚው የራሱን ቃል ከሆዱ አውጥቶ ይሞላበታል። ይህ ግን ሰምም ወርቅም የለው፤ የሚያዝበት ጆሮ የሌለው እንስራ ነው። በዚያ ላይ ልጅ ሳለን በየካፌው የአሜሪካዊው ሳክስፎን ነፊ የኬኒ ጂ ካሴት ይከፈት ስለ ነበር፣ እንዲህ ያለ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር የማኪያቶ አረፋ ያምረኛል፤ ማኪያቶ ካቆምኩ ደግሞ ዓመት አልፎኛል።

በቻይና ይኸው ሰው በ1989 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ወደ ቤት መሄድ» የተሰኘ ዜማ ለብዙ ዓመታት የመደብሮችና የትምህርት ቤቶች መዝጊያ ሆኖ ኖሯል፤ ሲሰሙት ቦርሳቸውን አንሥተው ይወጣሉ። እዚያ «ሂዱ» የሚል ሳክስፎን ለእኔ ሲደርስ «ጠብቂ» ማለቱ ትንሽ አስቀንቶኛል።

ሰውዬው በ1997 እ.ኤ.አ. አንዲት ድምፅ ሳያቋርጥ ለ45 ደቂቃ ከ47 ሴኮንድ ነፍቷል። ምሥጢሩ ጉንጭን በአየር መሙላትና እሱን በጉንጭ ግፊት እያወጡ በአፍንጫ አዲስ አየር መሳብ ነው፤ ተማሪዎች በብርጭቆ ውሃ ውስጥ በስትሮ አረፋ እያስነሡ ይለማመዱታል። ማታ እኔም ሞከርኩት። የመጀመሪያው ትንፋሽ በክብር ወጣ፤ ሁለተኛው ላይ ሳል ቀደመኝና ውሃው ጠረጴዛው ላይ፣ ለነገ ባዘጋጀሁት ወረቀት ላይ ተረጨ።

ዛሬ ጠዋት ታናሽዬ ወጥ ቤት ሆና ያንኑ ዜማ ታንጎራጉራለች፤ ከእኔ እንደ ተጋባባት ጥርጥር የለውም። ሌሊቱን ሙሉ ስረግመው ያደርኩትን ዜማ ስታበላሸው ሰምቼ ግን አልቻልኩም፤ በነጠላ ጫማ ሮጬ ወጥቼ «አራተኛዋ እንደሱ አትወርድም፣ ከፍ ነው የምትለው» ብዬ አረምኳት።

«የደወልሽበት ጉዳይስ አለቀ?» አለችኝ።

ጉዳዩ ምን እንደ ነበር ለማስታወስ በሩ ላይ ቆምኩ። የመጣልኝ ሳክስፎኑ ነው።