መርዶህ ቀድሞህ ገባ

አዳማ፣ የካቲት 2016 ዓ.ም.

ነገ የአክስቴ ልጅ ሙት ዓመት ነው። ጠላው ደርሷል፣ ሴቶቹ ጓሮ ተቀምጠው ሽንኩርት ይልጣሉ። እኔ ከፎቶግራፉ ሥር የሚጻፈውን እንዳዘጋጅ ታዝዤ ደብተሬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። «አንተ ግጥም ትጽፍ የለም?» ብላ ነው አክስቴ ያዘዘችኝ። እንዲህ ያስፈራኝ ትእዛዝ አላስታውስም።

አዎ፣ እጽፋለሁ። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲጀመር ሌሊት ሌሊት እየተነሣሁ ብዙ ጽፌአለሁ። አንዱን እዚሁ አዳማ በአንድ የግጥም ምሽት ላይ አንብቤው ሰው ቆሞ አጨብጭቦልኛል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ያንን ግጥም ገልጬ አየሁት። ከላይ እስከ ታች «እነሱ» ይላል። ወደቁ፣ አፈር ለበሱ፣ ደማቸው፣ አጥንታቸው። ቤቱ ይመታል፣ ምጣኔውም አይሰበርም። ግን ስሙ ተጠርቶ የሚለቀስለት አንድም ሰው የለበትም። በዚያ ምሽት የአክስቴ ልጅ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ አብሮ ያጨበጭብልኝ ነበር።

ከቤት የወጣው ነሐሴ 12 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። በዓመቱ ነሐሴ ላይ፣ ውጊያው እንደገና ከማገርሸቱ ጥቂት ቀናት በፊት ደወለ። ከእናቱ ጋር ያወሩት ስለ አንድ ጥንድ ጫማ ነው። አልጋ ሥር የተወው ጫማው ለታናሽ ወንድሙ እንዲሰጥ ነገራት፤ እርሷም «ስትመጣ ራስህ ትሰጠዋለህ» አለችው። ከዚያ በኋላ ስልኩ አልሠራም።

አዳማ ነፋስ አያጣትም። ከተማዋን የሚያውቅ ሰው ኮረብታው ላይ የሚዞሩትን የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ያስታውሳል፤ እኔ የአክስቴን የቆርቆሮ በር አስታውሳለሁ። ልጁ ከወጣ ጀምሮ የግቢውን በር ቀርቅራው አታውቅም። ነፋስ በሩን በመታው ቁጥር ትነሣለች። ባዶ እግሯን እስከ ደጃፍ ትሄድና ቆማ ትመለሳለች። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነቱ ሲፈረም ደግሞ አልጋውን አነጠፈች። ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር አለፈ። አልጋው በየሳምንቱ ታጥቦ ይነጠፋል።

እኛ በዚያን ጊዜ ሰምተናል። አብሮት የነበረ ልጅ ለታላቅ ወንድሜ ነግሮታል። ቢሆንም መርዶ ወግ አለው፤ ማንም ተነሥቶ አይናገረውም። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ሙሉ እርሷ ፊት ስንቀመጥ በአንዲት ግሥ እንሰቃይ ነበር። «ዶሮ ወጥ ይወዳል» ትላለች። «አዎ፣ ይወዳል» እንላለን። አፋችን ወደ «ይወድ ነበር» እንዳያዳልጠው እየተጠነቀቅን። ሰው በቋንቋው ውስጥ እንደዚያ ሲደበቅ አይቼ አላውቅም።

የካቲት ላይ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ሄድን። የእድሩ ዳኛ፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ጎረቤቶች። ማንም በሩን አላንኳኳም፤ ክፍት ነበር። እንደ ልማዷ ነፋስ መስሏት ወጣች። ነጠላችንን አየች። አንዱ ሽማግሌ ገና «አይዞሽ» ሲል እርሷ መሬት ላይ ነበረች። ሞተ የሚለውን ቃል ያን ቀን ማንም አልተናገረውም።

አስከሬን የለም፣ ቀብርም የለም። ድንኳኑ ውስጥ ፎቶግራፉንና ልብሱን ጠረጴዛ ላይ አደረግን። ወንዶቹ ንፍሮ በእፍኝ እየዘገኑ ዝም ብለው ነበር። ከሰዓት በኋላ ሙሾ በማውረድ የሚታወቁ አንዲት የሰፈራችን እናት መጡ። ገብተው ወዲያው አልጀመሩም፤ ወደ ግቢው በር ዞረው ጥቂት አዩት። ከዚያ ደረታቸውን መታ አድርገው፦

ደጁን አልዘጋሁም ትመጣለህ ብዬ፣
መርዶህ ቀድሞህ ገባ በዚያው በር ሆድዬ።

ድንኳኑ ተናወጠ። እስከዚያ ሰዓት አንዲት እንባ ያልወጣት አክስቴ ያኔ ጮኸች፤ ሴቶቹ ተቀበሏት፣ ወንዶቹም ፊታቸውን ሸፈኑ። ስድስት በስድስት የሚመታ የወል ቤት ነው፤ ማንኛውም ገጣሚ የሚያውቀው ምጣኔ። እኔም በዚያው ምጣኔ ነው የጻፍኩት። ልዩነቱን ለማወቅ ግን አንድ ዓመት ፈጀብኝ። እሳቸው በእናት አፍ ገብተው እርሱን «አንተ» አሉት። ዘራፍ ብሎ የሚፎክረው «እኔ» ይላል፣ ዜናው «እነሱ» ይላል፤ ሙሾ ብቻ ነው የሞተውን ፊት ለፊት የሚያነጋግረው። መቃብር ለሌለው ሰው ያቺ «ህ» ፊደል መቃብሩ ሆነች። «መርዶህ»፣ «ቀድሞህ»። የሚያርፍበት ቦታ አገኘ።

በዚህ ዓመት ጥቅምት ላይ በትግራይ መርዶ ባንድ ጊዜ በየቤቱ ሲገባ፣ የሦስት ቀን ሐዘንም ሲታወጅ አክስቴ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆማ አየች። በትግርኛ መርድእ ይሉታል፤ ቃሉ ሳይቀር የአንድ እናት ልጅ ነው። ልጇ ከእነዚያ እናቶች ልጆች ጋር ነው የተዋጋው። ምን ልትል ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና ተቀመጠች። «እነሱም በራቸውን ሳይዘጉ ነው የከረሙት» አለች። በጦርነት ላይ ከጻፍኳቸው ስንኞች አንዱም ይህን አላለም።

አሁን ጨለመ። ደብተሬ ላይ «አንተ» ብዬ ጀመርኩ፤ ሁለተኛ ቃል እምቢ አለኝ። እርሱን ለማነጋገር ስለዚያ ጭብጨባ መናገር አለብኝ፣ ስለ ጫማውም፣ ስለነዚያ ሁለት ሳምንታትም። ለነገ አይደርስም።

ወጥቼ ለአክስቴ ግጥሙን እንዳልቻልኩ፣ ስሙንና ዓመቱን ብቻ እንደምጽፍ ነገርኳት። የተወለደበት 1991 ዓ.ም. ነው። የሞተበትን ቀን ግን የነገረን የለም፤ ነገ የምናስበው መርዶውን የሰማንበትን ቀን ነው። ሽንኩርት የነካ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«የወጣበትን ጻፍልኝ» አለች። «እሱን ቆሜ አይቼዋለሁ።»

ነሐሴ 12 ቀን 2013 ዓ.ም. ብዬ ጻፍኩ።