ጎህ ሲቀድ ዳር የወጡት ሸርጣኖች

እኛ አገር ሸርጣን አይበላም። ለሥልጠና ቻይና ሄጄ ጂያንግሱ ውስጥ የሸርጣን ኩሬ ላይ ስመደብ ስለ እንስሳው የማውቀው ነገር አልነበረም። ኩሬው ከሩቅ ሲያዩት የሳር መስክ ይመስላል። ሳሩን የሚተክሉት ሆን ብለው ነው። ሸርጣን የሚያድገው ቅርፊቱን እየጣለ ነው። አሮጌውን በጣለበት ሰዓት ገላው ለስላሳ ስለሚሆን መደበቂያ ካጣ ሌሎቹ ይበሉታል። ሳሩ ይደብቀዋል፣ ይመግበዋል፣ ውሃውንም ያጠራለታል።

የሚያሠሩን ዕድሜያቸው የገፋ ገበሬ ነበሩ። «ሺፉ» እንላቸዋለን፤ ቻይናዎች ባለሙያን በአክብሮት የሚጠሩበት ቃል ነው። ሸርጣን የሚንቀሳቀሰው ማታ ስለሆነ መኖ የሚሰጠው ሲመሽ ነው። ሐምሌ ላይ አንድ ምሽት ተራው የኔ ነበር። ቀኑን ሙሉ ደመና ውሏል፤ ሙቀቱ ግን ያፍናል። ቶሎ እንዲወፍሩ ብዬ ከተመደበው ላይ ግማሽ ያህል ጨመርኩላቸው። ለማንም አልተናገርኩም።

ጎህ ሲቀድ ሺፉ ቀሰቀሱኝ። ሸርጣኖቹ ዳር ወጥተዋል፤ ሳሩ አናት ላይ የተንጠለጠሉም አሉ። ስንጠጋቸው እንኳ ወደ ውሃው አይመለሱም። ኦክስጅን አጥሯቸው ነው። ሳሩ ፀሐይ ሲያገኝ ኦክስጅን ይሰጣል፤ ሌሊት ግን እሱም ይተነፍሳል፣ ካለው ላይ ይወስዳል። በደመናው ምክንያት ቀን የተጠራቀመው ትንሽ ነበር። እሱንም ኩሬው ወለል ላይ የቀረው ትርፍ መኖ እየበሰበሰ ጨረሰው።

አየር ማስገቢያው ሞተር ተነሳ። እኔ ደንግጬ «ውሃውን ወደ ወንዙ እንልቀቀውና አዲስ እንሙላ» አልኩ። ሺፉ በእጃቸው አስቆሙኝ።

«ይሄ ወንዝ የት ነው የሚገባው?» አሉኝ።

ታይ ሐይቅ ነው የሚገባው። እ.ኤ.አ. በ2007 ሐይቁን አልጌ ወርሶት፣ ውሺ ከተማ ውስጥ 2 ሚሊዮን ያህል ሰው የቧንቧ ውሃው ሸቶት የሚጠጣው አጥቶ ነበር። የፋብሪካው ፍሳሽ፣ የከተማው ቆሻሻ፣ የእርሻው ማዳበሪያ ተደራርቦ ያመጣው ጣጣ ነው። ሺፉ ግን «ሌላውም ይለቃል» ሲባል አይወዱም። የእሳቸው ኩሬ ውሃ በቦይ ሄዶ ማቆያ ገንዳ ውስጥ ይዘቅጣል፤ ከዚያ ቀንድ አውጣና ሳር ባለበት ሌላ ገንዳ አልፎ ነው የሚወጣው። ለዚህ ሲሉ ሸርጣን ሊያረቡበት የሚችሉትን መሬት ትተዋል። እኔ ይሄን ሳይ በጣም ነው የገረመኝ፤ ማንም ቆሞ የሚጠብቃቸው አልነበረም።

ያን ቀን ሁለት ባልዲ የሞተ ሸርጣን ለቀምኩ። ከዚያ ሄጄ መኖ እንደጨመርኩ ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም። በገመድ የታሰረ ሰፊ ወንፊት አመጡና ትንሽ መኖ በትነውበት ውሃው ውስጥ አወረዱት።

«ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተህ አውጥተህ እየው። ከተረፈ ነገ ትቀንሳለህ።»

አሁን አገር ቤት የቆሮሶ ዓሣ ኩሬ ላይ ነው የምሠራው። እዚህም ማታ ማታ ወንፊት አወርዳለሁ። ከኩሬው የሚወጣው ውሃ ወደ ጅረቱ አይሄድም፤ ጎመን መደባችንን ያጠጣል።