ጠብታው ውስጥ ምን እንዳለ አይታይም

ስለ ዘረመል ምህንድስና ሲወራ መቀስና ሙጫ ሳይጠቀስ አይቀርም። «ጂኑን ቆርጠው አወጡት፣ ሌላው ላይ ለጠፉት» ይባላል፤ ሰሚውም አንድ ሰው ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ ሲቆራርጥ ይታየዋል። ነገሩ ወዲህ ነው። ቀኑን ሙሉ እጄ ላይ የምትውለው በሁለት ጣት የምትያዝ የፕላስቲክ ቲዩብ ናት፤ ውስጧም ውሃ የመሰለ 20 ማይክሮሊትር ጠብታ አለ። ዲኤንኤው ቢቆረጥም ውሃ ይመስላል፣ ባይቆረጥም ውሃ ይመስላል። ጭራሽ ዲኤንኤ ባይገባበትም ያው ነው። እዚህ ሥራ ላይ በቆየሁ መጠን መሣሪያዎቹን በሁለት ጎራ ከፍዬ ማየት ጀምሬያለሁ፤ ሥራውን የሚሠሩ አሉ፣ መሠራቱን የሚመሰክሩ አሉ። የመማሪያ መጻሕፍት ለሠሪዎቹ ገጽ ያበዛሉ። የእኔን ጊዜ የሚበሉት ግን ምስክሮቹ ናቸው።

ቆራጮቹ ሬስትሪክሽን ኢንዛይሞች ይባላሉ፤ ሰው የፈጠራቸው አይደሉም። ባክቴሪያን የሚያጠቁ ቫይረሶች ዲኤንኤያቸውን ወደ ውስጥ ሲያስገቡ ባክቴሪያው የተወሰነ የዲኤንኤ ፊደል (ኤ፣ ቲ፣ ጂ፣ ሲ የሚባሉት አራት ኬሚካሎች) ቅደም ተከተል ፈልጎ የሚበጥስ ኢንዛይም ይዞ ይጠብቃቸዋል። የራሱን ዲኤንኤ እንዳይበጥስ ደግሞ በዚያው ቅደም ተከተል ላይ ሜቲል የሚባል ትንሽ ኬሚካላዊ ምልክት ያደርጋል። ቬርነር አርበር፣ ሃሚልተን ስሚዝና ዳንኤል ናታንስ በእነዚህ ኢንዛይሞች ሥራቸው የ1978ን የሕክምና ኖቤል ተጋርተዋል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ኢ. ኮላይ ከሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ የተገኘው ኢኮ አር ዋን የተባለ ኢንዛይም ጂ-ኤ-ኤ-ቲ-ቲ-ሲ የሚለውን ሲያገኝ ከጂ በኋላ ይቆርጣል። ዲኤንኤ ሁለት ሰንሰለት ነው፤ ትይዩው ሰንሰለት በራሱ አቅጣጫ ሲነበብ ያንኑ ስለሚል እዚያም ከጂ በኋላ ይቆርጣል። ስለዚህ ቁርጡ ቀጥ ያለ አይሆንም፤ በሁለቱም ጫፍ ኤ-ኤ-ቲ-ቲ የሚሉ አራት ፊደላት ነጠላ ሆነው ይንጠለጠላሉ። በዚሁ ኢንዛይም የተቆረጠ ዲኤንኤ ሁሉ፣ ከእንቁራሪት ይምጣ ከባክቴሪያ፣ ጅራቱ አንድ ነው፤ ጅራቶቹም ይፈላለጋሉ። የዚህ ሙያ መሠረት እነዚህ አራት ነጠላ ፊደላት ናቸው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ኢንዛይሙን ስጨምር ሁሌ ልብ ብዬ የማየው ነገር አለ። ማስቀመጫው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ነው፤ ፈሳሹ ግማሽ በግማሽ ግሊሰሮል የሚባል ወፍራም ፈሳሽ ስለሆነ ግን በረዶ አይሠራም። 1 ማይክሮሊትር ቀድቼ ቲዩቧ ውስጥ ስለቀው ከውሃው ስለሚከብድ ጥርት ያለች ቀጭን ክር ሠርቶ ወደ ታች ይሰምጣል። ከሂደቱ ሁሉ በዓይን የሚገባው ያቺ ክር ብቻ ናት። ካልተቀላቀለ እዚያው ታች ይተኛል፤ ላይ ያለው ዲኤንኤ ሳይነካ ይውላል። «በደንብ ይቁረጥልኝ» ብሎ ኢንዛይም ማብዛትም አያዋጣም። ግሊሰሮሉ ከ5 ከመቶ ሲያልፍ አንዳንዱ ኢንዛይም መምረጡን ይተውና የራሱ ያልሆነውን ቦታ ሁሉ ይበጥሳል።

ከ37 ዲግሪው መቆያ ስትወጣ ጠብታዋ ያው ጠብታ ናት። ስለዚህ ወደ መጀመሪያው ምስክር፣ ወደ ጄሉ። አጋሮዝ ከባሕር አረም የሚወጣ ዱቄት ነው፤ በበፈር (ጨው ባለበት ውሃ) ተፈልቶ ሲቀዘቅዝ ይረጋል። የዲኤንኤ ጀርባ በፎስፌት ምክንያት ኔጌቲቭ ስለሆነ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅ ወደ ፖዘቲቩ፣ ማለትም ወደ ቀዩ ሽቦ ይሮጣል። ጥቅጥቅ ባለ ቁጥቋጦ ውስጥ ትንሹ እንስሳ ከትልቁ ቀድሞ እንደሚሾልክ፣ አጭሩ ቁራጭ ረጅሙን ጥሎት ይሄዳል። ናሙናው ላይ የሚጨመረው ሰማያዊ ቀለም ለሁለት ነገር ነው፤ ከባድ ስለሆነ ናሙናውን ጉድጓዱ ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ሩጫው የት እንደደረሰም ያሳያል። ክርኔን ጠረጴዛ ላይ ተክዬ የፒፔቱን ጫፍ ጉድጓዱ አፍ ላይ ሳደርግ ትንፋሼን መያዜን የማውቀው ከጨረስኩ በኋላ ነው። ጫፉ ትንሽ ወደ ታች ቢገፋ የጉድጓዱን ወለል ይበሳል፣ ናሙናው ውሃ በላው ማለት ነው።

ጄል ግን ቀጥተኛ ምስክር አይደለም። ፕላስሚድ ባክቴሪያ ውስጥ የሚገኝ ቀለበት መሳይ ትንሽ ዲኤንኤ ነው፤ ጂን የምናስገባውም እሱ ላይ ነው። ያልተቆረጠ ፕላስሚድ መጠኑ አንድ ሆኖ ሳለ ጄሉ ላይ ሁለት ሦስት ባንድ (መስመር) ሊያሳይ ይችላል። ተጠምዝዞ የተጨመቀው ይፈጥናል፣ አንዱ ሰንሰለቱ ላይ ተሰንጥቆ የላላው ይዘገያል፣ ሁለቱም ሰንሰለቱ ተበጥሶ ቀጥ ያለው መሐል ላይ ይውላል። ይህን የማያውቅ ሰው ሦስት ልዩ ልዩ ዲኤንኤ አገኘሁ ይላል። ለዚህ ነው መጠናቸው የታወቀ ቁርጥራጮች የያዘው ላደር በአንድ ጎን፣ ያልተቆረጠው ፕላስሚድ በሌላው ጎን አብረው የሚሮጡት። ምስክሩም ምስክር ያስፈልገዋል።

ቀጣዩ ሠሪ የዲኤንኤ ጫፎችን የሚያያይዘው ኢንዛይም፣ ላይጌዝ ነው። ብዙ ጊዜ የምንጠቀምበት ቲ4 ከሚባል፣ ራሱ ባክቴሪያ ከሚያጠቃ ቫይረስ የተገኘ ነው። መቁረጫው ባክቴሪያ ከቫይረስ የሚከላከልበት፣ መቀጠያው ደግሞ የቫይረሱ! ሁለቱ ጠላቶች እኛ ጋ አንድ መደርደሪያ ላይ ተኝተዋል። ላይጌዝ ተፈላልገው የተገናኙትን ጅራቶች ለዘለቄታው ያስራቸዋል፤ ማንን ከማን እንደሚያስር ግን ደንታ የለውም። የተከፈተው ፕላስሚድ ሩቅ ሳይሄድ የራሱን ሁለት ጫፍ አግኝቶ መዘጋት ይቀናዋል። ያን ለመከልከል ጫፎቹ ላይ ያለውን ፎስፌት በሌላ ኢንዛይም መንቀል አንድ ዘዴ ነው። ያም ሆኖ ጥቂቱ አምልጦ ይዘጋል።

ከዚያ ባክቴሪያው ይመጣል። በካልሲየም ክሎራይድ የተዘጋጁ ሴሎች ከዲኤንኤው ጋር በረዶ ላይ ይቆዩና በ42 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ከአንድ ደቂቃ ላነሰ ጊዜ ተነክረው ወዲያው ወደ በረዶ ይመለሳሉ። ከሚሊዮኖቹ መሐል ፕላስሚዱን የሚቀበሉት እጅግ ጥቂት ናቸው። እነሱን አንድ በአንድ የሚፈልግ ዓይን የለንም፤ ስለዚህ ያልተቀበሉትን እንገድላለን። ፕላስሚዱ አምፒሲሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ የሚያፈርስ ኢንዛይም ጂን ይዟል፤ አምፒሲሊን ያለበት ፕሌት (ባክቴሪያ የሚበቅልበት ሳህን) ላይ የሚያድገው ፕላስሚድ የገባለት ብቻ ነው። እንደ ፒዩሲ19 ያሉት ፕላስሚዶች ደግሞ ሌላ ምልክት ይጨምራሉ፤ ባዶው ኤክስ-ጋል የሚባል ኬሚካል ያለበት ፕሌት ላይ ሰማያዊ ኮሎኒ (የባክቴሪያ ክምር) ይሰጣል፣ መሐሉ ላይ ባዕድ ጂን ሲገባበት ግን ቀለም ሠሪው ጂን ስለሚቋረጥ ኮሎኒው ነጭ ይሆናል።

እዚህ ላይ ነው የሙያው ልክ የሚለየው ብዬ የማምነው። ዋናው ፕሌት ብቻውን ምንም አይናገርም። አጠገቡ ዲኤንኤ ያላየ ሴል የተዘራበት ፕሌት መኖር አለበት፤ እሱ ላይ አንድም ነገር ከበቀለ አንቲባዮቲኩ ሞቷል። ያልተቆረጠ ፕላስሚድ የተሰጠው መኖር አለበት፤ እሱ ባዶ ከሆነ ችግሩ ሴሎቹ ናቸው። ተቆርጦ ላይጌዝ ያልነካው ፕላስሚድ ብዙ ኮሎኒ ከሰጠ መቁረጡ ራሱ አልተሳካም። ላይጌዝ አግኝቶ ጂን ያላገኘው ብዙ ከሰጠ ደግሞ ፕላስሚዱ በራሱ ላይ እየተዘጋ ነው። አራቱን ጎን ለጎን ደርድሮ ማየት ለእኔ ከየትኛውም ውድ ማሽን ይበልጥብኛል። ፕሌት ለመቆጠብ ብሎ ኮንትሮሉን የሚተው ሰው ግን ይገርመኛል፤ የቆጠበው የጥያቄውን መልስ ነው።

በትልልቆቹ ኮሎኒዎች ዙሪያ የሚፈሉ ጥቃቅኖችም አሉ። ፕሌቱ ኢንኩቤተር ውስጥ ሲቆይ ትልቁ ኮሎኒ በአካባቢው ያለውን አምፒሲሊን ስለሚያፈርሰው፣ ፕላስሚድ የሌላቸው በእሱ ጥላ ሥር ይበቅላሉ። እነሱን መልቀም ድካም ብቻ ነው።

በባክቴሪያ ውስጥ መድኃኒት የሚቋቋም ጂን እያስገቡ ማባዛት ያሳሰባቸው ሰዎች ቀድመውም ነበሩ። ፖል በርግ በ1972 የሁለት ቫይረሶችን ዲኤንኤ በቲዩብ ውስጥ ቀጥሎ ነበር፤ አንዱ በእንስሳት ላይ ዕጢ የሚያመጣ ስለነበር ድቅሉን ኢ. ኮላይ ውስጥ ሳያስገባው ቀረ። በ1973 ስታንሊ ኮኸንና ኸርበርት ቦየር ድቅል ፕላስሚድ ባክቴሪያ ውስጥ አስገብተው አባዙ። በየካቲት 1975 ተመራማሪዎች ካሊፎርኒያ፣ አሲሎማር ላይ ተሰብስበው ስለ አደጋው ተነጋገሩ፤ ከቤተ ሙከራ ውጭ መኖር የማይችሉ ደካማ ባክቴሪያዎችን መጠቀም ከተስማሙባቸው ጥንቃቄዎች አንዱ ነበር።

ፍሬውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ኢንሱሊን። ቀድሞ ከአሳማና ከከብት ቆሽት ይወጣ የነበረው በ1978 በባክቴሪያ ተሠራ፣ በ1982 አሜሪካ ውስጥ ለሕሙማን ተፈቀደ። የሚገርመኝ ግን ጂኑን ከሰው ሴል ቆርጠው አለማምጣታቸው ነው። ባለ 21 እና ባለ 30 አሚኖ አሲዶቹን ሁለት ሰንሰለቶች የሚያዝዙትን ጂኖች በኬሚስትሪ ፊደል በፊደል ሠርተው፣ ለየብቻ አምርተው፣ መጨረሻ ላይ አገናኟቸው። የሰው ጂን መሐል መሐሉ ላይ ኢንትሮን የሚባል ተቆርጦ የሚጣል ክፍል አለው፤ ባክቴሪያ ያን ማውጣት አያውቅበትም። እንዳለ ቢሰጡት ኖሮ ትርጉም የለሽ ፕሮቲን በሠራላቸው ነበር።

ዲኤንኤን ቲዩብ ውስጥ ስለሚያባዛው ዘዴ፣ ስለ ፒሲአር ብዙ ስለተባለ አላበዛም። ካሪ መሊስ በ1983 አሰበው፣ በ1993 ኖቤል አገኘበት። በ95 ዲግሪ ገደማ ሰንሰለቶቹ ይለያያሉ፣ ሲቀዘቅዝ ፕራይመሮቹ (የሚገለበጠውን ክፍል የሚያመለክቱ አጫጭር ዲኤንኤዎች) ይያዛሉ፣ በ72 ዲግሪ ታክ ፖሊመሬዝ የሚባለው ኢንዛይም ይገለብጣል። ታክ አሜሪካ፣ የሎውስቶን ፍል ውሃ ውስጥ ከተገኘ ባክቴሪያ የመጣ ስለሆነ ሙቀቱ አያጠፋውም። ከ30 ዙር በኋላ አንድ ቅጂ፣ ሁሉ ነገር ፍጹም ከሄደ፣ ከ1 ቢሊዮን በላይ ይሆናል። ይኸው ኃይሉ ድክመቱም ነው፤ ከፒፔት ውስጥ የተረፈ ኢምንት ዲኤንኤም አብሮ ይባዛል። ስለዚህ በዲኤንኤ ፈንታ ውሃ የገባባት ቲዩብ ሁሌ አብራ ትገባለች። እሷ ባንድ ካሳየች የዚያን ቀን ውጤት ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ።

በሴል ውስጥ ዲኤንኤን የሚያርመው ዘዴ፣ ክሪስፐር መጥቶ ይህን ሁሉ ታሪክ አደረገው የሚሉ አሉ። አልስማማም። ጄኒፈር ዱድናና ኤማኑኤል ሻርፓንቲዬ በ2012 ያሳዩት፣ በ2020 ኖቤል የተሸለሙበት ካስ9 የት እንደሚቆርጥ በ20 ፊደል መሪ አርኤንኤ የሚነገረው ቆራጭ ነው፤ ድንቅ ነው። ግን ከቆረጠ በኋላ ጠጋኙ ሴሉ ራሱ ነው፣ ሴሉም አንዳንዴ ፊደል ይጥላል፣ አንዳንዴ ይጨምራል። ምን እንዳደረገ ለማወቅ ያው ፒሲአር፣ ያው ጄል፣ ከዚያም የዲኤንኤው ፊደላት ንባብ።

የመጨረሻው ምስክር ንባቡ ነው፤ ፍሬድሪክ ሳንገር በ1977 ያወጣው ዘዴ ለአንድ ፕላስሚድ አሁንም ያገለግላል። ባንዱ በቦታው ቢወጣም፣ ኮሎኒው ነጭ ቢሆንም፣ ታክ ስሕተቱን ወደ ኋላ ተመልሶ የማረም ችሎታ ስለሌለው አንድ ፊደል ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ ያቺ አንድ ፊደል ፕሮቲኑን መሐል ላይ ልትቆርጠው ትችላለች። ጄል ደግሞ ርዝመት እንጂ ፊደል አያነብም። የንባቡ ግራፍ መጀመሪያ ላይ ፊደላቱን የሚወክሉት ባለቀለም ጉብታዎች ስለሚደራረቡ በአሥሮች የሚቆጠሩ ፊደላት አይታመኑም፤ መጨረሻው ላይም ይደክማሉ። ስለዚህ ከሁለቱም አቅጣጫ አስነብቤ፣ መሐል ላይ የሚገናኙበትን ፊደል በፊደል ሳላመሳክር ማስታወሻዬ ላይ «ጂኑ ገብቷል» ብዬ አልጽፍም። የሰሞኑ ነጭ ኮሎኒዎች ንባብ ገና አልመጣም፤ ለጊዜው የተጻፈው «ነጭ፣ ባንዱ ትክክል» የሚል ብቻ ነው።